ፎቅ ሲረዝም ቤት ይረክሳልን?

የአዲስ አበባን መሐል ከተማ ከዐሥር ዓመት በፊት አይቶ የሄደ ሰው ዛሬ ቢመለስ ቀና ብሎ ማየቱ አይቀርም። በየካቲት 2014 ዓ.ም. የተመረቀው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ብቻውን 209 ሜትር ያህል ይረዝማል። በዙሪያውም ሌሎች ባንኮችና የኢንሹራንስ ድርጅቶች የገነቧቸው ፎቆች ተኮልኩለዋል። ከእነዚህ ፎቆች ሥር ግን ከወር ደመወዙ ትልቁን ድርሻ ለቤት ኪራይ የሚከፍል ሠራተኛ ያልፋል። "ይህ ሁሉ ፎቅ ሲሠራ ቤት ለምን አልረከሰም?" የሚለው ጥያቄ በየታክሲውና በየቡናው የሚነሣው ስለዚህ ነው።

ጥያቄው የመዲናዋ ብቻ አይደለም። ከተማ ወደ ጎን ሲሰፋ የሚነካው የአርሶ አደሩ ማሳ ነው። ወደ ላይ ሲያድግ ደግሞ የሚነካው በመሐል ከተማ ያለው የቀበሌ ቤት ነዋሪ ነው። በባሕር ዳር፣ በጎንደር፣ በደሴም ሆነ በደብረ ብርሃን ከተማው ከፍ ይበል ወይስ ይስፋ የሚለው ውሳኔ የማንን ደጅ እንደሚያንኳኳ አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል። በክርክሩ በአንድ ወገን የቆሙት "ብዙ ፎቅ ብዙ ቤት ነው፤ ብዙ ቤት ሲኖር ዋጋ ይወርዳል" ይላሉ። በሌላው ወገን ያሉት ደግሞ "ረጅም ሕንፃ የሀብታም ቤት ነው፤ ድኻውን ከመሐል ከተማ ይገፋል" ይላሉ። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ ሁለቱም የሚዘሉት ነገርም አለ።

የመሬቱ ስሌት

በኢትዮጵያ የከተማ መሬት ከ1967 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት ነው። በሐምሌ ወር የወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። ከተወረሱት ቤቶች መካከል ወርኃዊ ኪራያቸው ከመቶ ብር በታች የሆኑት በቀበሌ እጅ ገቡ። ዛሬ "የቀበሌ ቤት" የምንላቸው የእነዚያ ቅሪቶች ናቸው፤ ብዙዎቹም ያረጁ፣ የተጠጋጉ፣ ነገር ግን በከተማው እምብርት የተቀመጡ ናቸው። የሊዝ ሥርዓት በ1986 ዓ.ም. ተጀመረ። በ2004 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 721 ደግሞ መሬት በዋነኛነት በጨረታ፣ በተለዩ ጉዳዮችም በምደባ እንዲተላለፍ ደነገገ። ለመኖሪያ የሚሰጠው የሊዝ ዘመን 99 ዓመት ሲሆን፣ በአዲስ አበባ ለንግድ የሚሰጠው 60 ዓመት ነው።

ጨረታ ባለበት ሥርዓት ከፍታ ከዋጋ ጋር እንዴት እንደሚያያዝ በምሳሌ እንመልከት። ቁጥሮቹ ለስሌት ያህል የተወሰዱ እንጂ የአንድ የተወሰነ ቦታ ዋጋ አይደሉም።

500 ካሬ ሜትር የሆነ ቦታ አለ እንበል። ሕንፃው በግማሹ ላይ ያርፋል፤ ስለዚህ አንዱ ወለል 250 ካሬ ሜትር ነው። የመሬቱ ዋጋ በካሬ ሜትር 40,000 ብር ቢሆን ጠቅላላው 20 ሚሊዮን ብር ይሆናል። በቦታው ላይ አምስት ወለል ቢሠራ የተገነባው ስፋት 1,250 ካሬ ሜትር ስለሚሆን፣ እያንዳንዱ ካሬ ሜትር ቤት 16,000 ብር የመሬት ዋጋ ይሸከማል። ሃያ ወለል ቢሠራ ግን ስፋቱ 5,000 ካሬ ሜትር ይደርሳል፤ የመሬቱም ድርሻ ወደ 4,000 ብር ይወርዳል። የከፍታ ደጋፊዎች መከራከሪያ ይህ ነው፤ በስሌትነቱ ስሕተት የለበትም።

የተዘለለው ተጫራቹ ነው። ሃያ ወለል እንደሚፈቀድለት የሚያውቅ ተጫራች ቦታውን በ40,000 ብር አይተውም። ሌላው እንዳይቀድመው እስከ 160,000 ብር ድረስ ሊሄድ ይችላል። በዚያ ዋጋ ጠቅላላው የመሬት ወጪ 80 ሚሊዮን ብር ይሆናል፤ ለ5,000 ካሬ ሜትር ሲካፈልም ተመልሶ 16,000 ብር ላይ ያርፋል። ከፍታው ያመጣው ቅናሽ ወደ ቤት ገዥው ሳይደርስ በመሬቱ ዋጋ ውስጥ ሰምጦ ቀረ ማለት ነው። ከዚህም በላይ፣ የአንዱ ቦታ የጨረታ ዋጋ ሲሰማ የጎረቤቱም ቦታ ዋጋ አብሮ ይነሣል፤ ገና ሃያ ወለል ሊሠራ ያላሰበውም ሰው ቦታውን በዚያው ሚዛን መመዘን ይጀምራል።

እንግዲህ ከፍታን መፍቀድ ብቻውን ቤትን አያረክስም። ከፍታው የሚያስገኘው ትርፍ ለማን እንደሚደርስ ውሳኔው አስቀድሞ ካልወሰነ ትርፉ የመሬቱ ይሆናል። በጨረታው የተገኘው ገንዘብ ለሕዝብ ካዝና ገብቶ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ቤት ቢሠራበት አንድ ነገር ነው፤ በግል እጅ ያለ ይዞታ በፈቃድ ብቻ ዋጋው ሲንር ደግሞ ሌላ ነገር ነው።

ከአራተኛው ፎቅ በላይ ያለው ወጪ

መሬቱን ትተን ወደ ግንባታው ስንመጣ፣ ሕንፃ በረዘመ ቁጥር የአንዱ ካሬ ሜትር ወጪ ይጨምራል። መሠረቱ ይጠልቃል፤ ዓምዱና ብረቱ ይወፍራል። በባሕር ዳር እንዳለው የከርሰ ምድር ውኃ ቅርብ በሆነበት ቦታ ምድር ቤት መቆፈር ራሱን የቻለ ፈተና ነው። የመሬት መንቀጥቀጥም አለ። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተከሠተው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማ፣ ንዝረቱ ይበልጥ ያስደነገጠው በላይኛው ፎቅ ላይ የነበሩትን ሰዎች ነበር። ለዚህ የሚደረገው ጥንቃቄ በብረትና በኮንክሪት የሚከፈል ነው።

የኢትዮጵያ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ይከፍላል፤ ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ማንኛውም ሕንፃ ከፍተኛ ጥንቃቄ በሚያስፈልገው በምድብ ሐ ውስጥ ይገባል። ከዚያ በላይ ሲኬድ አሳንሰር ወይም ሊፍት የግድ እየሆነ ይመጣል። መብራት ሲጠፋ አሳንሰሩን የሚያንቀሳቅስ ጀነሬተር፣ ውኃ ወደ ላይ የሚገፋ ፓምፕ፣ የእሳት አደጋ መውጫና ማጥፊያ ይከተላል። ደረጃውና የአሳንሰሩ ጉድጓድ ከየወለሉ ቦታ ይወስዳሉ፤ ያ ቦታ ማንም የማይኖርበት፣ ነገር ግን ሁሉም የሚከፍልበት ነው።

ከእነዚህ ዕቃዎች አብዛኞቹ ከውጭ የሚገቡ ናቸው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ የብር የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የአሳንሰር፣ የጀነሬተር፣ የአሉሚኒየምና የመስታወት ዋጋ በብር ሲሰላ እጅግ ከፍ ብሏል። በአገር ውስጥ ሲሚንቶና ብሎኬት የሚሠራ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃም ከዚህ ጫና አላመለጠም፤ የደረሰበት ግን በመጠኑ ነው።

ሌላው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የጊዜ ወጪ ነው። በከተሞቻችን ቤት የሚሠራ ሰው መጀመሪያ ሰርቪስ ይሠራል፤ እዚያው እየኖረ፣ ከፊሉን እያከራየ ዋናውን ቤት ቀስ በቀስ ይጨርሳል። ረጅም ሕንፃ ግን እንዲህ አይሆንም፤ እስኪያልቅ ድረስ ማንም አይገባበትም። ገንዘቡ መካከል ላይ ካለቀ የኮንክሪት አፅም ሆኖ ለዓመታት ይቆማል፤ የባንክ ወለዱ ግን አይቆምም። በየከተማው ብረቱ እንደ ፀጉር ቆሞ የቀረ ስንት ፎቅ እንዳለ አንባቢ ራሱ ያውቃል።

ኮንዶሚኒየም ለምን አይረዝምም?

በ1996 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው የኮንዶሚኒየም ግንባታ ለዚህ ክርክር ከሁሉ የተሻለ ትምህርት ይሰጣል። አብዛኞቹ ሕንፃዎች ምድርና አራት ፎቅ ናቸው። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። ሰው ያለ አሳንሰር በእግሩ ሊወጣ የሚችለው፣ ውድ መሣሪያ ሳያስፈልግ ሊገነባ የሚችለው ከፍታ እዚያ ላይ ስለሚያበቃ ነው። ሌሎች ሁለት ነገሮችም ዋጋውን ወደ ታች ጎትተውታል። አንደኛው መሬቱ በጨረታ ሳይሆን በመንግሥት መቅረቡ ነው፤ ከላይ ያየነው የ16,000 ብር ሸክም አልነበረበትም። ሁለተኛው በምድር ላይ ያሉት ሱቆች በጨረታ ተሸጠው ገቢው የመኖሪያ ቤቶቹን ወጪ እንዲደግፍ መደረጉ ነው። በየግቢውም እንጀራ ለመጋገር፣ ልብስ ለማጠብ፣ በግ ለማረድና ለቅሶ ለመቀመጥ የሚሆን የጋራ ቤት ተሠራ፤ የፎቅ ኑሮ የሰውን ማኅበራዊ ሕይወት እንዳያፈርስ ታስቦ።

በ2005 ዓ.ም. ምዝገባው እንደገና ሲካሄድ መርሐ ግብሩ በአቅም ተከፈለ። በጣም ዝቅተኛ ገቢ ላለው 10/90፣ ለመካከለኛው 20/80፣ የተሻለ መቆጠብ ለሚችለው ደግሞ 40/60 ሆነ። ከፍታው ማንን እንደተከተለ እንመልከት። አሳንሰር ያላቸው ረጃጅም ሕንፃዎች የተገነቡት ለ40/60 ነው። የመጀመሪያዎቹ የሰንጋ ተራና የክራውን ሳይቶች በ2009 ዓ.ም. ሲተላለፉም ቅድሚያ ያገኙት የቤቱን ዋጋ መቶ በመቶ የከፈሉ ቆጣቢዎች ነበሩ። ፎቁ ሲረዝም ገዥውም ወደ ላይ ወጣ ማለት ነው። በመንግሥት መርሐ ግብር ውስጥ እንኳ የሆነው ይህ ነው።

የባለ አራት ፎቁም ታሪክ እንከን አልባ አይደለም። ዕጣ ወጥቶላቸው የወሩን የባንክ ክፍያ መሸከም ያቃታቸው ብዙዎች ቤቱን አከራይተው እነርሱ በርካሽ ክፍል ተከራይተው ኖረዋል። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ተመዝጋቢዎችም ለዓመታት ዕጣ ጠብቀዋል። ቤት ለመሥራት የዋለውም መሬት የመጣው ከከተማው ጠርዝ ነው።

ስምንት ጥማድና ሁለት ጥማድ

እዚህ ላይ አርሶ አደሩ ወደ ክርክሩ ይገባል። አዲስ አበባ ወደ ጎን መስፋቷ ያስከተለው ቁጣ ከቅርብ ጊዜ ታሪካችን የሚረሳ አይደለም። አዲስ አበባንና ዙሪያዋን ያጣመረው ማስተር ፕላን በገጠመው ከባድ ተቃውሞ በጥር 2008 ዓ.ም. እንዲቀር ተደርጓል። በ2011 ዓ.ም. በኮዬ ፈጬ የተገነቡ ኮንዶሚኒየሞች ለባለዕጣዎች ይተላለፋሉ ሲባልም ተቃውሞ ተነሥቷል። ስለዚህ "ዝቅ ያለ ቤት ርካሽ ነው" የሚለው ወገን፣ ቤቱ የሚያርፍበት መሬት የማን እንደሆነ መመለስ ይኖርበታል።

መቶ አባወራዎችን ለማስፈር ምን ያህል መሬት እንደሚያስፈልግ በግምት እናስላ። ለእያንዳንዳቸው 150 ካሬ ሜትር ቦታ ቢሰጥ አንድ ሄክታር ተኩል ይሆናል። መንገዱና ክፍት ቦታው ሲጨመርበት ሁለት ሄክታር ያልፋል፤ በገበሬው መለኪያ ስምንት ጥማድ ገደማ ነው። እነዚሁ መቶ አባወራዎች እያንዳንዳቸው 60 ካሬ ሜትር ቤት አግኝተው በባለ አራት ፎቅ ሕንፃዎች ቢኖሩ፣ ከነግቢያቸውና ከነመንገዳቸው ግማሽ ሄክታር ወይም ሁለት ጥማድ ይበቃቸዋል። ስድስት ጥማድ ተረፈ ማለት ነው። ከአራት ወደ ሃያ ፎቅ ቢወጡስ? ሕንፃው የሚያርፍበት ቦታ ይጠብባል፤ የሰዎቹ ቁጥር ግን ያው ስለሆነ የልጆች መጫወቻው፣ የመኪና ማቆሚያውና በሕንፃዎች መካከል የሚተወው ክፍተት ብዙም አይቀንስም። የሚተርፈው መሬት አንድ ጥማድ እንኳ ላይሞላ ይችላል።

በዚህ ስሌት መሠረት፣ የእርሻ መሬትን በብዛት የሚያተርፈው ከምድር ወደ አራተኛ ፎቅ ያለው እርምጃ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ከፍታ የሚያተርፈው ጥቂት መሬት፣ የሚያስወጣው ግን ብዙ ገንዘብ ነው። ፓሪስ በአመዛኙ ስድስትና ሰባት ወለል ባላቸው ቤቶች በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 20,000 ያህል ሰው ታኖራለች፤ ብዙ ሰው በጥቂት መሬት ለማኖር ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ ግዴታ እንዳልሆነ ለማሳየት ይህ ይበቃል። የቤት ማኅበራት ከከተማ ዳር ለነጠላ ቤት ቦታ በሚጠይቁባቸው የክልል ከተሞች ዋናው ውይይት መሆን ያለበትም፣ በዚህ ጸሐፊ ዕይታ፣ ሃያ ፎቅ ይፈቀድ አይፈቀድ ሳይሆን ምድር ቤቱ ወደ አራት ፎቅ ይደግ የሚለው ነው።

ማሳው ለሚወሰድበት አርሶ አደር ሕጉ ምን ይላል? በ2011 ዓ.ም. የወጣውና ኋላ ማሻሻያ የተደረገበት አዋጅ ቁጥር 1161፣ መሬቱን በቋሚነት ለሚለቅና ምትክ ለማይሰጠው ባለይዞታ ባለፉት ሦስት ዓመታት ካገኘው ዓመታዊ ገቢ ከፍተኛው ተወስዶ በ15 ተባዝቶ የልማት ተነሺነት ካሳ እንዲከፈለው ደንግጓል። የቀደመው አዋጅ ቁጥር 455/1997 የአምስት ዓመት አማካይ ገቢን በ10 ያባዛ ነበር። ሆኖም ሁለቱም የሚያሰሉት ከእርሻው የተገኘውን ገቢ እንጂ መሬቱ ነገ በሊዝ የሚያወጣውን ዋጋ አይደለም። በርቀት ሆኖ የፎቁን ከፍታ የሚያየው ገበሬ ቅሬታ ብዙውን ጊዜ የሚመነጨው ከዚህ ልዩነት ነው።

ከዋሽንግተን የሚታየው

ክርክሩ በሌላ አገር እንዴት እንደሚካሄድ ለማየት ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባት ከዋሽንግተን ዲሲ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም፤ ከአንባቢዎቻችንም መካከል እዚያ ዘመድ ያለው ጥቂት አይደለም። በእ.አ.አ. 1894 በከተማዋ 50 ሜትር ያህል የሚረዝም ሆቴል ሲሠራ ጎረቤቶች ተቆጡ፤ የእሳት አደጋ መሰላል አይደርስበትም የሚል ስጋትም ተነሣ። በእ.አ.አ. 1910 የጸናው ሕግ የአንድ ሕንፃ ከፍታ በፊቱ ካለው መንገድ ስፋት ከ6 ሜትር ገደማ በላይ እንዳይበልጥ፣ በጥቅሉም ከ40 ሜትር ያህል እንዳያልፍ አደረገ። የአሜሪካ ዋና ከተማ የሌሎቹን ትልልቅ ከተሞች ዓይነት ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ የሌላት ስለዚህ ነው።

ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በእ.አ.አ. 2012 እና 2013፣ ሕጉ ይላላ የሚል ሐሳብ በምክር ቤቱ ቀረበ። አንደኛው ወገን ገደቡ ቤት እንዲያጥርና ኪራይ እንዲንር አድርጓል አለ። ሌላው ደግሞ በገደቡ ውስጥ ገና ያልተገነባ ብዙ ቦታ አለ፤ ፎቅ ቢጨመር የሚያተርፉት የመሬት ባለቤቶች ናቸው ሲል ተከራከረ። በመጨረሻ የተለወጠው ጥቂት ነው፤ በእ.አ.አ. 2014 የጣሪያ ላይ ክፍሎችን ለመጠቀም የሚያስችል ማሻሻያ ብቻ ጸደቀ። ኪራዩ ግን በዚህ መካከል አልጠበቀም። በከተማዋ እምብርት የነበሩ የኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶችና መኖሪያዎች ቀስ በቀስ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና ወደ አሌክሳንድሪያ ተሻግረዋል። በዚያው ጊዜ ከተማዋ ሌላ መንገድም ሞክራለች፤ አዳዲስ ትልልቅ የመኖሪያ ሕንፃዎች ከቤቶቻቸው የተወሰነውን ድርሻ መካከለኛና ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው በተመጣጣኝ ዋጋ እንዲያቀርቡ፣ በምላሹም ተጨማሪ ወለል እንዲፈቀድላቸው የሚያደርግ ደንብ ነው። ከፍታን በነፃ ከመስጠት ይልቅ በቤት ማስከፈል ማለት ነው። በዚህ የሚገኙት ቤቶች ከፈላጊው ብዛት አንጻር ጥቂት ናቸው፤ ግን ከምንም ይሻላሉ።

በመሐል ከተማ ለሚኖረው

ወደ አዲስ አበባ እንመለስ። ከልደታና ከአራት ኪሎ እስከ 2016ቱ የፒያሳ መልሶ ማልማት ድረስ፣ ዝቅተኛ ቤቶች ፈርሰው ቦታው ለሌላ ግንባታ ሲዘጋጅ የነዋሪው ዕጣ ብዙውን ጊዜ ከከተማው ዳር የሚገኝ ኮንዶሚኒየም ወይም ምትክ ቤት ነው። ቤቱ ከቀድሞው የተሻለ ሊሆን ይችላል፤ ውኃና መጸዳጃ በቤት ውስጥ አለ። የጠፋው ግን ሌላ ነው፤ ዕድሩ፣ በደጅ የሚሸጠው እንጀራ፣ በእግር የሚደረስበት የቀን ሥራ። ለዚህ ዓይነት ቤተሰብ የትራንስፖርቱ ወጪ ራሱ ሁለተኛ ኪራይ ነው።

በይዞታቸው ላይ ያሉትም ቢሆኑ ከጫናው አያመልጡም። በዋና ዋና መንገዶች ዳር የአካባቢ ልማት ዕቅዶች ከፍተኛውን ብቻ ሳይሆን ዝቅተኛውንም የወለል ብዛት ይወስናሉ። ዕቅዱ ብዙ ፎቅ በሚጠይቅበት ቦታ ላይ አንድ ፎቅ ብቻ ለመሥራት አቅም ያለው ባለይዞታ የግንባታ ፈቃድ አያገኝም፤ ምርጫው ከባለገንዘብ ጋር መሻረክ ወይም መልቀቅ ይሆናል። ከላይ የጠቀስነው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ለዚህ አንድ በር ከፍቷል፤ በመልሶ ማልማት ክልል ውስጥ የሚገኙ ባለይዞታዎች በዕቅዱ መሠረት ለማልማት አቅም ካላቸው በግል ወይም በጋራ የማልማት ቅድሚያ መብት አላቸው። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም፤ የሚያውቀውም ማስታወቂያው ከወጣ በኋላ ባለው አጭር ጊዜ ጎረቤትን አስተባብሮ፣ ባንክ አሳምኖ መቅረብ ይከብደዋል። ስለዚህ ጎረቤታሞች ሰነዳቸውን አስተካክለው፣ ማኅበር መሥርተው የሚጠብቁት ማስታወቂያው ከመለጠፉ በፊት ቢሆን ይመረጣል።

በረጅም ሕንፃ ውስጥ ቤት ለመግዛት ያሰበ ሰው ደግሞ ከሽያጩ ዋጋ ሌላ አንድ ነገር መጠየቅ አለበት፤ የወሩ የጋራ መዋጮ ስንት ነው? በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የጋራ ሕንፃ ባለቤቶች ማኅበር አቋቁመው አሳንሰሩን፣ ፓምፑን፣ ጣሪያውንና ደረጃውን በጋራ ያስተዳድራሉ። መዋጮው ካልተሰበሰበ መጀመሪያ የሚቆመው አሳንሰሩ ነው። ያን ጊዜ በዐሥራ ሁለተኛው ፎቅ ላይ የምትኖር አሮጊት እናት ጀሪካኗን የሚያወጣላት ልጅ ትጠብቃለች፤ በሁለተኛው ፎቅ ላይ ያለው ጎረቤቷ ግን መዋጮውን ለመክፈል የማይቸኩልበት በቂ ምክንያት አለው።